«የማንጋው አምላክ» እና ሠራተኛው ኦሳሙ ቴዙካ፦ የምላሽ ጽሑፍ

ስለ ጃፓናዊው የማንጋ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ) ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ ሰሞኑን በአማርኛ የወጣውን ጽሑፍ ብዙ ሰው ተቀባብሎ አንብቦታል። ጸሐፊው ሰውየውን እንደሚወዱት ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። ማንጋን በስም ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ በር መክፈታቸውም የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከያዛቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ወይ ስሕተት ናቸው ወይ በግማሽ ብቻ እውነት ናቸው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ቴዙካ በ1926 ተወልዶ በ62 ዓመቱ አረፈ፤ ቀን ሕሙማን እያከመ ሌሊት ይሥል ነበር፤ ዘመናዊውን ማንጋ በአንድ መጽሐፍ ብቻውን ፈጠረ፤ ቶኪዋሶ በሚባል ቤት ወጣቶችን ሰብስቦ አስተማረ፤ 150,000 ገጽ ያለ ማንም እገዛ ሣለ፤ የጃፓንን የመጀመሪያ የቴሌቪዥን አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ሠርቶ በርካሽ በመሸጡ የአኒሜተሮችን ደመወዝ ገደለ፤ ስቱዲዮው ሲከስር የሥራ ዘመኑ አከተመ፤ አሜሪካኖች የአንበሳ ታሪኩን ሰረቁት፤ በመጨረሻም ሥራውን ፈጽሞ ብዕሩን በሰላም አስቀመጠ። እያንዳንዱን እንመልከት። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱን በአጭሩ እንለፈው። ቴዙካ የተወለደው ኖቬምበር 3 ቀን 1928 በኦሳካ ግዛት ቶዮናካ ከተማ ነው፤ ያደገው ታካራዙካ ነው። ያረፈው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1989 ሲሆን ዕድሜው 60 ነበር። የ1926 ወሬ ከየት መጣ ቢባል ከራሱ ከቴዙካ ነው፤ በሕይወት ሳለ ዕድሜውን ሁለት ዓመት ጨምሮ ይናገር ስለነበር እውነተኛው ዓመት በሰፊው የታወቀው ካረፈ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ካለ፣ ጃንዋሪ 1946 የመጀመሪያው ተከታታይ ካርቱኑ በሕፃናት ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ገና 17 ዓመቱ እንደነበረ ልብ ይበል። ስሙን በተመለከተም ጽሑፉ ያልጠቀሰው ነገር አለ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም የሚጻፈው በአንድ የቻይና ፊደል ነው፤ እሱ ግን «ነፍሳት» የሚል ትርጉም ያለውን «ሙሺ» የተባለ ፊደል ጨመረበት፤ «ኦሳሙሺ» የሚወደው ጥንዚዛ ስም ነውና። የአኒሜሽን ስቱዲዮውን «ሙሺ ፕሮዳክሽን» ያለውም ከዚሁ ተነሥቶ ነው።

ሐኪምነቱ በጥንቃቄ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው። ቴዙካ ከልምምድ ጊዜው በቀር በሐኪምነት ሠርቶ እንጀራ አልበላም። በ1945 የገባው በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደነበረው የሕክምና ልዩ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በጦርነቱ ዘመን ሐኪሞችን በቶሎ ለማድረስ የተቋቋመ ነበር። በ1951 ተመረቀ፣ በ1952 የብሔራዊ ፈተናውን አለፈ። በዚያን ጊዜ ግን የአንበሳው ታሪክ፣ «የጫካው ንጉሠ ነገሥት»፣ ከ1950 ጀምሮ በመጽሔት ላይ እየወጣ ነበር፤ ሮቦቱ አቶምም በ1951 በሌላ ታሪክ ውስጥ ብቅ ብሎ በኤፕሪል 1952 የራሱን ተከታታይ አግኝቷል። ፈተናውን ያለፈው ሰው አስቀድሞ በቶኪዮ መጽሔቶች የሚፈለግ ሠዓሊ ነበር ማለት ነው። የዶክትሬት ዲግሪውን በ1961 ከናራ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ያገኘውም ሕሙማንን በማከም አይደለም፤ የቀንድ አውጣ ዘር ሕዋስ ሽፋን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምን እንደሚመስል አጥንቶ ነው። የጠቀመው ሥዕሉን ነው። አጥንትና ጅማት፣ የተከፈተ ሆድ፣ የመርፌ አያያዝ በብዕሩ ላይ የሰፈሩት ከዚያ ትምህርት ነው።

ሆኖም ትምህርቱ ከስሕተት አላዳነውም። «ብላክ ጃክ» በተባለው የሐኪም ታሪኩ ውስጥ በ1977 የወጣ አንድ ምዕራፍ ሎቦቶሚን ከሌላ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ጋር በማምታታቱ ከአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ተቃውሞ ቀረበበት፤ ሠዓሊውና አሳታሚው በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ ምዕራፉም ተለውጦ ተሣለ። «ሐኪም ስለነበር ሕክምናው ሁሉ ትክክል ነው» የሚለው የጽሑፉ ዐረፍተ ነገር በዚህ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይወድቃል።

አሁን ወደ ትልቁ ነጥብ እንምጣ። ጽሑፉ ጃንዋሪ 1947 የታተመውን «አዲሱ የሀብት ደሴት» የዘመናዊ ማንጋ መፈጠሪያ ያደርገዋል። ለማስረጃም መክፈቻውን ይጠቅሳል፤ ልጁ መኪና እየነዳ ወደ ወደብ ሲገሰግስ፣ እይታው አንዴ ከሩቅ አንዴ ከቅርብ እየሆነ እንደ ፊልም ይፈስሳል ይላል። መጽሐፉ በእርግጥ ትልቅ ተጽዕኖ ነበረው። 400,000 ቅጂ ተሸጠ ይባላል፤ ኋላ ታዋቂ የሆኑ ብዙ ሠዓሊዎችም ልጅ ሳሉ አንብበውት እንደተደነቁ ተናግረዋል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ተዘለዋል።

መጽሐፉ የሁለት ሰው ሥራ ነው። የታሪኩን አወቃቀር ያወጣው ሺቺማ ሳካይ ነው፤ በዕድሜም በሙያም የቴዙካ ታላቅ፣ ቀደም ሲል በአኒሜሽን ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው። ቴዙካ 250 ገጽ ያህል ሥሎ ሲያመጣ ሳካይ ወደ 190 ገደማ እንዳወረደው ቴዙካ ራሱ ጽፎታል። ለአንድ የ18 ዓመት ወጣት ይህ መቆረጥ ከባድ ነበር፤ ቅሬታውም ዓመታት ቆይቶበታል።

ሁለተኛው የኅትመቱ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። መጽሐፉ የወጣው «ቀይ መጽሐፍ» በሚባለው የኦሳካ ርካሽ ኅትመት ነው፤ በአሻንጉሊትና በከረሜላ ሱቆች የሚሸጥ ዓይነት። በዚያ ኅትመት የሠዓሊው ገጽ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ማተሚያ ሰሌዳ አይተላለፍም ነበር። የማተሚያ ቤቱ ባለሙያ ዋናውን ሥዕል እያየ በእጁ እንደገና ይገለብጠዋል። ሲገለበጥ የሚበላሸው የታወቀ ነው። ብዕር ሲጫኑት የሚወፍረውና ሲለቁት የሚቀጥነው መስመር በገልባጩ እጅ ሁሉም አንድ ዓይነት ውፍረት ይኖረዋል። የዓይን ብሌን በአንድ ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ባለታሪኩ የሚያየው ሌላ ቦታ ይሆናል። ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ተደፍኖ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። በ1947 አንባቢው እጅ የገባው መስመር እንግዲህ በቀጥታ የቴዙካ መስመር አልነበረም።

ሦስተኛውና ጽሑፉን የሚያናጋው ነጥብ ይህ ነው። አሳታሚው ኮዳንሻ የቴዙካን ሙሉ ሥራዎች ከ1977 ጀምሮ እስከ 1997 ድረስ በ400 ቅጽ ሲያወጣ ቴዙካ ይህን መጽሐፍ እንዳለ እንዲታተም አልፈቀደም፤ በ1984 ለወጣው ቅጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዲስ አድርጎ ሣለው። የመኪናው ግልቢያ በብዙ ሣጥኖች (ገጹ በሚከፈልባቸው የሥዕል ክፈፎች) ተለጥጦ፣ በልዩ ልዩ ማዕዘን ተከፋፍሎ የሚታየው በዚህ በ1984 እትም ነው። በመጀመሪያው እትም ገጾቹ በአብዛኛው በሦስት አግድም ሣጥኖች የተከፈሉ ናቸው፤ ፍጥነቱ አለ፣ ጽሑፉ የሚያደንቀው የማዕዘን መለዋወጥ ግን የለም። የመጀመሪያው እትም እንደነበረ ተቀድቶ ለሕዝብ የቀረበው በ2009 ስለሆነ ብዙ ሰው ለአሥርተ ዓመታት የ55 ዓመት ጎልማሳ የሣለውን ገጽ እያየ የ18 ዓመቱን ወጣት ሲያደንቅ ኖሯል። የቴዙካን መጽሐፍ ለማስረጃ የሚያነሣ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የትኛውን እትም እንደያዘ ነው። ቴዙካ ባሳተመ ቁጥር ይቆርጣል፣ ይጨምራል፣ ይለውጣል፤ የአንበሳው ታሪክም የተወሰኑት ዋና ገጾቹ ጠፍተው ደጋግሞ ሥሏቸዋል።

ከጦርነቱ በፊትም የጃፓን ልጆች ማንጋ ነበራቸው። የሱይሆ ታጋዋ ውሻ ወታደር ከ1931 ጀምሮ ዓመታት የዘለቀ ታሪክ ነው። ኖቦሩ ኦሺሮ የሣለው የማርስ ጉዞ መጽሐፍ በ1940 ታትሟል፤ ቴዙካ ራሱ ከሚያደንቃቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ታዲያ የቴዙካ አዲስነት ምኑ ላይ ነው? ለልጆች የሚጻፍ ታሪክ ረጅም፣ አሳዛኝና ሞት ያለበት እንዲሆን መፍቀዱ ላይ ነው። ከ1953 ጀምሮ በልጃገረዶች መጽሔት እንደ ወንድ ልብስ ለብሳ የምትዋጋ ልዕልት ይዞ መምጣቱ ላይ ነው። ገጸ ባሕርያቱን እንደ ተዋናይ ቆጥሮ ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው፣ በሌላ ስምና በሌላ ሚና ማሰማራቱ ላይ ነው። ይህ ሁሉ በብዙ መጻሕፍት፣ በብዙ ዓመታት የተገነባ ነው።

ቶኪዋሶን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ቶኪዋሶ ቶኪዮ ውስጥ በቶሺማ ወረዳ የነበረ ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ኪራይ ቤት ነው፤ ክፍሎቹ አራት ተኩል ታታሚ ምንጣፍ የሚያህሉ፣ ወጥ ቤቱና መጸዳጃው የጋራ። ቴዙካ በ1953 መጀመሪያ ገብቶ በ1954 መጨረሻ ላይ ወጥቷል፤ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ኋላ ዝነኛ የሆኑት ሠዓሊዎች ሾታሮ ኢሺኖሞሪና ፉጂዮ አካጹካ የገቡት በ1956 ስለሆነ እዚያ ሊያስተምራቸው አይችልም ነበር። የወጣቶቹ ታላቅ ወንድምና ሰብሳቢ የነበረው ሠዓሊው ሂሮኦ ቴራዳ ነው። ቴዙካ ያደረገው ሌላ በጎ ነገር ነው። ሲወጣ ክፍሉን ለሂሮሺ ፉጂሞቶና ለሞቶኦ አቢኮ፣ ኋላ ፉጂኮ ፉጂዮ በሚል የጋራ ስም ለታወቁት ጓደኛሞች ሲለቅላቸው፣ ያስያዘውን 30,000 የን ሳይወስድ ትቶላቸዋል። ገንዘብ ላልነበራቸው ሁለት ወጣቶች ይህ ከትምህርት ይበልጥ ነበር።

«150,000 ገጽ ያለ ማንም እገዛ» የሚለው ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ቁጥሩ ራሱ በሰፊው የሚጠቀስ ነው። ለ43 የሥራ ዓመታት ብናካፍለው ግን አንድም ቀን ሳያርፉ በቀን ወደ አሥር ገጽ የሚጠጋ ይሆናል። አንድ የመጽሔት ገጽ የሚያልፍበትን መንገድ ያየ ሰው ይህ የአንድ ሰው ጉልበት እንዳልሆነ ይረዳል። መጀመሪያ «ኔም» የሚባለው ረቂቅ አለ፤ ሣጥኖቹ፣ ንግግሩና የሰዎቹ አቀማመጥ በጥድፊያ የሚነደፍበት ነው። ታሪኩ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣ እርማት ውድ ነው። ከዚያ ወፍራም ወረቀት ላይ፣ ብዙውን ጊዜ 27 በ18 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማዕቀፍ ውስጥ፣ በእርሳስ ይሣላል፤ መጽሔቱ ሲያትመው ያሳንሰዋል። በብረት ጫፍ ብዕር ቀለም ይገባል። ቀለሙ ሳይደርቅ እርሳሱን ያጠፋ ሰው ገጹን ያጨቀየዋል፤ የተጨቀየው በነጭ ቀለም ተሸፍኖ እንደገና ይሣላል፣ ነጩ ላይ የሚያርፍ ቀለም ደግሞ በቀላሉ ይፈስሳል። ቀጥሎ በጥቁር የሚሞሉት ቦታዎች፣ ከበስተጀርባ ያሉት ቤቶችና ዛፎች፣ በመጨረሻም ነጠብጣብ የታተመበት ተለጣፊ ወረቀት ለጥላ እየተቆረጠ ይለጠፋል።

ቴዙካ ይህን ሥራ ከፋፍሎ ለረዳቶች ከሰጡት ቀደምት ሠዓሊዎች አንዱ ነው። ታሪኩን፣ ረቂቁንና የሰዎቹን ሥዕል ራሱ ይይዛል፤ የሣጥን መስመር፣ ጀርባው፣ ጥቁር ሙሌቱና ተለጣፊው የረዳቶች ድርሻ ነው። ያኔም ቢሆን አይደርስም ነበር። በአንድ ጊዜ ብዙ ተከታታይ ሥራ ስለሚይዝ የየመጽሔቱ አርታኢዎች ቤቱ ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ነበር፤ አንዳንዴም ሆቴል ወስደው ዘግተው ያስቀምጡታል። በስሙ ላይ ተጫውተው «ኦሶሙሺ» ብለውታል፣ «ኦሶ» መዘግየት ነውና፤ «ኡሶሙሺ» ያሉትም አሉ፣ «ኡሶ» ውሸት ነው። ለአርታኢ የገባውን ቃል ስለማይጠብቅ የወጣለት ስም ነው። ይህን የማያነሣ አድናቆት እነዚያ ገጾች በምን ዓይነት ሌሊት እንደተሠሩ አይነግረንም።

ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ስለ አኒሜሽኑ የተባለው ነው። አቶም ጃንዋሪ 1 ቀን 1963 በፉጂ ቴሌቪዥን ጀምሮ ዲሴምበር 31 ቀን 1966 በ193ኛው ክፍል ያበቃ ተከታታይ ነው። «የመጀመሪያው የቴሌቪዥን አኒሜ» ሲባል ግን ልክ ይኑረው። ከሱ በፊት በ1961 የሪዩኢቺ ዮኮያማ ስቱዲዮ የጥቂት ደቂቃ ዝግጅቶችን ለቴሌቪዥን አቅርቧል። አቶም የመጀመሪያ የሆነው ግማሽ ሰዓት የሚቆይ፣ በየሳምንቱ የሚቀርብ፣ አንድ ባለታሪክ ይዞ የሚዘልቅ በመሆኑ ነው። በጊዜው ብዙ ባለሙያ አይቻልም ያለውም ይህንኑ ነበር።

ለምን አይቻልም አሉ? ሒሳቡን እንሥራው። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሮጣል። ማስታወቂያው ወጥቶ የሚቀረው ወደ 25 ደቂቃ ቢሆን 36,000 ፍሬም ማለት ነው። አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም ቢያቆዩት እንኳ፣ ሁሉም ነገር ዘወትር ይንቀሳቀስ ከተባለ 12,000 ሥዕል በሳምንት ያስፈልጋል። ሙሺ ፕሮዳክሽን ይህን ወደ 2,000 አካባቢና ከዚያም በታች አወረደው። እንዴት እንዳወረደው አንድ ትዕይንት ብቻ እንይ። አቶም ለአሥር ሴኮንድ ይናገራል እንበል። በሴኮንድ ስምንት ሥዕል ቢሆን 80 ሥዕል ይፈጃል። እነሱ ግን ጭንቅላቱን አንድ ጊዜ በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ላይ ሣሉት፤ አፉን ለብቻው ሦስት ጊዜ፣ አንዴ የተዘጋ፣ አንዴ ግማሽ የተከፈተ፣ አንዴ የተከፈተ አድርገው ሣሉት። ጭንቅላቱ ቋሚ ሆኖ አፎቹ በላዩ ላይ ይቀያየራሉ። በአራት ሥዕል አሥር ሴኮንድ ሞላ። ሲበር ደግሞ ገላው አንድ ሥዕል ነው፤ ከእግሩ የሚወጣው ነበልባል ሁለት፤ የሚሮጠው ረጅም ሆኖ የተሣለው የሰማይ ጀርባ ነው፣ ካሜራው ሥር ቀስ እያለ ይጎተታል። ይኸው በረራ ተቆጥሮና በዓይነቱ ተለይቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ በሌላ ክፍልም ይወጣል፤ ይህን ክምችት «ባንክ» ይሉት ነበር።

ጣጣው ብዙ ነው። የአፉ ፕላስቲክ በጭንቅላቱ ላይ ሲያርፍ የፀጉር ያህል ከተዛነፈ አገጩ ይዘላል፣ ልጆች ሳይቀሩ ያዩታል። ከባንክ የወጣ የቀን በረራ በሌሊት ጀርባ ላይ ሲገባ ገላው ያለ ቦታው ያበራል። ቆሞ የቀረ ሥዕል ከሦስትና አራት ሴኮንድ ካለፈ ተመልካቹ ይሰለቻል፤ ስለዚህ ትዕይንቶቹ አጫጭር ሆኑ፣ ድምፅና ሙዚቃው በረታ፣ ክብደቱ ወደ ታሪኩ ዞረ። የጃፓን አኒሜ እስከ ዛሬ የሚታወቅበት ፍጥነት ከዚህ ችግር የተወለደ ነው። ዘዴው ግን የቴዙካ ፈጠራ አይደለም። ሥዕል መቆጠብን የአሜሪካ ስቱዲዮዎች አስቀድመው ጀምረውታል፣ ሥራዎቻቸውም በጃፓን ቴሌቪዥን ይታዩ ነበር። ቴዙካ ደግሞ በ1960 ለቶኤይ ስቱዲዮ የዝንጀሮው ንጉሥ ፊልም በማንጋው ምክንያት ተጠርቶ ሠርቶ ስለነበር አንድ ፊልም ምን ያህል ሰውና ጊዜ እንደሚበላ አይቷል።

አሁን ዋጋው። ሲባል የኖረው እያንዳንዱ ክፍል በ550,000 የን መሸጡ ነው፣ ከወጪው በእጅጉ በታች። ዋጋውን ሆን ብሎ ዝቅ ማድረጉን፣ ጉድለቱን በማንጋ ገቢውና በምስል መብት ሽያጭ ለመሙላት ማሰቡን ቴዙካ ራሱ ተናግሯል፤ ይህን አንክድም። ታዋቂው የአኒሜ ዳይሬክተር ሃያኦ ሚያዛኪም በ1989 ቴዙካ ካረፈ በኋላ በዚሁ ጉዳይ በብርቱ ወቅሶታል። ነገር ግን የአኒሜሽን ታሪክ አጥኚው ኖቡዩኪ ጹጋታ የዘመኑን ሰዎች ጠይቆ እንዳሳየው፣ የማስታወቂያ ድርጅቱ ይጨምር የነበረው ሲታሰብ በእርግጥ የተከፈለው ወደ 1,550,000 የን ይደርስ ነበር። ከዚህ በላይ ገንዘቡ የመጣው ከሌላ በር ነው። ስፖንሰሩ የሜይጂ ጣፋጭ ድርጅት በቸኮሌቱ ውስጥ የአቶምን ተለጣፊ ሥዕል ጨምሮ ሸጠ፤ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤንቢሲ 52 ክፍል ገዛ። ተፎካካሪዎቹ ይህን አይተው በዚያው 1963 በሌሎች ጣፋጭ ድርጅቶች ገንዘብ የራሳቸውን ተከታታይ ጀመሩ። ዋጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አይከተለውም ነበር፤ የተከተሉት የምስል መብቱን ገቢ አይተው ነው።

የአኒሜተሩን ኑሮ የጎዳው ከዚህ ገቢ ሠዓሊው ድርሻ አለማግኘቱና ክፍያው ቀስ በቀስ በወር ደመወዝ መሆኑ ቀርቶ በሥዕል ቁጥር መሆኑ፣ ሥራውም ለትናንሽ ቤቶች እየተቆራረሰ መሰጠቱ ነው። ይህ በብዙ ስቱዲዮዎች፣ በብዙ ዓመታት፣ በብዙ ሰዎች ውሳኔ የመጣ ነው። ቴዙካ ከተጠያቂዎቹ አንዱ ነው ብንል እንስማማለን። ሁሉንም በአንድ የሞተ ሰው ላይ መጫን ግን ዛሬ ውሉን የሚፈርሙትን ነጻ ማውጣት ነው።

ስቱዲዮው መክሰሩ እውነት ነው። ቴዙካ በ1971 ከሙሺ ፕሮዳክሽን ፕሬዚዳንትነት ለቀቀ፣ ድርጅቱ ኖቬምበር 1973 ወደቀ። የስቱዲዮው ሰዎች ግን አልጠፉም፤ ከዚያ የወጡ ሠራተኞች በ1972 ማድሃውስንና ሰንራይዝን መሥርተዋል። «የሥራ ዘመኑ አከተመ» የተባለው ቴዙካም በዚያው በኖቬምበር 1973፣ በ19ኛው ቀን፣ በሳምንታዊው ሾነን ቻምፒየን «ብላክ ጃክ»ን ጀመረ። ጊዜው ክፉ ነበር። ጌኪጋ የሚባለው ለአዋቂ የሚሣል፣ ጨለማና እውነታ የበዛበት ስልት አንባቢውን ወስዶበታል፤ የቴዙካ ክብ ክብ ፊቶች ያለፈ ዘመን መስለዋል። የመጽሔቱ ዋና አርታኢ ታይዞ ካቤሙራ ቦታ ሲሰጠው የታሰበው ጥቂት ምዕራፍ ብቻ ነበር።

አወቃቀሩ ነው ያዳነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ወደ ሃያ ገጽ የሚሆን፣ በዚያው ሳምንት ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅ ነው። ያለፈውን ያላነበበ ልጅ ከመሃል ገብቶ ይረዳዋል። በሃያ ገጽ ውስጥ አዲስ ሕመምተኛ፣ አዲስ ሕመም፣ ፈቃድ የሌለው ሐኪም የሚጠይቀው የማይቀመስ ክፍያና የሰው ልጅ ምርጫ መግባት አለባቸው። ይህን ከ240 ጊዜ በላይ ማድረግ ምን ያህል ሐሳብ እንደሚፈጅ መገመት አያዳግትም። በ1974 «ባለ ሦስት ዓይኑ» ተከተለ፤ ሁለቱ በ1977 የኮዳንሻን የማንጋ ሽልማት አስገኙለት። በ1983 ደግሞ ሒትለርን ጨምሮ አዶልፍ የሚል ስም ስላላቸው ሦስት ሰዎች የሚተርከውን ሥራ በአዋቂዎች ሳምንታዊ መጽሔት ጀመረ። ብዙ አንባቢ ምርጥ ሥራዎቹ የሚላቸው የተሣሉት ጽሑፉ «አከተመ» ካለው ዓመት በኋላ ነው።

ስለ አንበሳው ሁለት ነገር እንበል። የ1994ቱ የዲዝኒ ፊልም «ዘ ላየን ኪንግ» ሲወጣ የጃፓን የማንጋ ሠዓሊዎች በፊርማ የተደገፈ ደብዳቤ መላካቸው እውነት ነው፤ የቴዙካ ድርጅት ግን ክስ አልመሠረተም። ጽሑፉ ጎን ለጎን እያነጻጸረ የሚገልጻቸው ምስሎችም ዓመታቸው መታየት አለበት። በሰው እጅ ከሚዞሩት ማነጻጸሪያዎች በርካታዎቹ በቴዙካ የአንበሳ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ከተሠራው የ1997ቱ የጃፓን ፊልም የተወሰዱ ናቸው፤ እሱ ደግሞ ከዲዝኒው ፊልም በኋላ የተሠራ ነው። ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ከ1950 እስከ 1954 የወጣውን ማንጋና የ1965ቱን ባለ ቀለም ተከታታይ ይያዝ። ማንጋው ሌላ ታሪክ ነው። አንበሳው ሊዮ የሰው ቋንቋ ይማራል፣ እንስሳቱን እርሻ ያስተምራል። ታሪኩ የሚዘጋው የአህጉራትን መንሸራተት የሚያስረዳ ድንጋይ ፍለጋ በጨረቃ ተራራ ላይ በተደረገ ጉዞ ነው፤ በበረዶው ማዕበል መሃል ሊዮ አብሮት የቀረው ሰው ሥጋውን በልቶና ቆዳውን ለብሶ እንዲተርፍ ራሱን ለሞት ይሰጣል።

ጽሑፉ የአንበሳውን ታሪክ «ለአፍሪካ የተሰጠ ክብር» ማለቱን ግን እኛ የአፍሪካ አንባቢዎች ዝም ብለን ልንቀበለው አይገባም። በዚያ ማንጋ ውስጥ ያሉት አፍሪካውያን የሣር ቀሚስ የለበሱ፣ ከንፈራቸው ተጋኖ የተሣለ፣ ከዘመኑ የአሜሪካ ካርቱንና ፊልም የተቀዱ ናቸው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሚታተሙ የቴዙካ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ይህንኑ የሚመለከት ማሳሰቢያ ለአንባቢ ይቀርባል፤ ሠዓሊው ስለሞተ ሥዕሉ ሳይነካ ቀርቶ፣ ከእውነታው የራቀ መሆኑ ግን በግልጽ ይነገራል። አንበሳው ለነጻነት የሚቆም ድንቅ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ከአጠገቡ ያሉት ሰዎች ግን ፊት አልተሰጣቸውም። ሁለቱንም አይቶ መናገር ይቻላል፣ ያስፈልጋልም።

የቀረው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው፣ «ሥራውን ፈጽሞ ብዕሩን በሰላም አስቀመጠ» የሚለው። በ1986 በጃፓኑ የሕዝብ ቴሌቪዥን በኤንኤችኬ የታየ ዘጋቢ ፊልም ላይ ቴዙካ ክብ መሣል እያቃተው መምጣቱን ይናገራል፤ የአቶም ራስና የብዙ ገጸ ባሕርያቱ ፊት በክብ ለሚጀምርበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1988 የጨጓራ ካንሰር ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግን ለአኒሜሽን ፌስቲቫል ሻንጋይ ሄደ። በዘመኑ ልማድ ሕመሙ ካንሰር መሆኑ አልተነገረውም። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ መሣሉን አላቆመም። ሲያርፍ ሦስት ተከታታይ ሥራዎች ከእጁ ላይ ነበሩ፦ የቤትሆቨን ሕይወት፣ ደቡብ አሜሪካ ስለሄደ ጃፓናዊ ሠራተኛ የሚተርከው ታሪክ፣ እና የፋውስት ታሪክ። ከሦስቱ አንዱም አላለቀም። በፋውስቱ ታሪክ ውስጥ የጨጓራ ካንሰር የያዘውና ያልተነገረው አንድ ሰው አለ። የዚያ ሥራ የመጨረሻ ገጾች ቀለም አልገባባቸውም፤ በመጽሐፉ ውስጥ የታተሙት በእርሳስ እንደተነደፉ ነው፣ ሣጥኖቹ ተከፍለው፣ ሰዎቹ በጥቂት መስመር ተጠቁመው።